ልጅን ለኮች አደራ ስንሰጥ፦ ለሰፈር ቡድን ወላጆች የሚሆን አሠራር

ልጄ ያለበት የጅማ የሰፈር እግር ኳስ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ አጋሮ ሄዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያው አይታወቅም። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸና ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከተማ ገቡ። ኮቹ አብዛኞቹን በየቤታቸው አደረሰ። ቤታቸው ራቅ ያለውን ሦስቱን ግን እሱ ጋ አሳደራቸው። ከሦስቱ አንዱ የእኔ ነው። የኮቹ ስልክ ባትሪ ጨርሷል። እስኪነጋ ልጄ የት እንዳለ አላወቅኩም።

ምንም አልሆነም። እንቁላል ፍርፍር በልተው፣ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተኝተው አደሩ። ጠዋት ሄጄ ሰውየውን አመሰገንኩት። «ለምን አላሳወቅከንም?» ማለት ግን ከበደኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። በኋላ ሳስበው ያስደነገጠኝ ይሄው ይሉኝታዬ ነው። ሰውየው ክፉ ቢሆንም ኖሮ ያው አመስግኜው ነበር የምመለሰው።

ከዚያ በኋላ አምስት ወላጆች ተሰብስበን አሠራር አወጣን። የሠራንበትንም፣ አድርገነው ቢሆን ኖሮ የምለውንም እዚህ አስቀምጣለሁ። ቡድናችሁ ሄርማታ ይሁን ጅሬን ወይም አዌቱ ዳር ያለ ሜዳ ላይ፣ ብዙ ለውጥ አይፈልግም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ

«ክፉ ሰው ማነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። በፊቱ ማንም አይታወቅም። የሚጠበቀው ሰውየው ሳይሆን ሁኔታው ነው። አንድ አዋቂና አንድ ልጅ፣ ሌላ ሰው በማያይበት ቦታ ብቻቸውን አይሁኑ። ሕጉ ይሄው ነው። ለጎበዙ ኮች፣ ለወጌሻው፣ ለቡድን መሪው፣ ለእኔም ጭምር ይሠራል።

ቀላል ይመስላል። ግን የትልልቆቹ አገሮች ታሪክ የሚያሳየው ይህችው ቀላል ነገር ስትላላ ምን እንደሚሆን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ባሪ ቤኔል የሚባል የታዳጊ እግር ኳስ አሠልጣኝ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ቤቱ ያሳድር ነበር። ቤቱ በመጫወቻ ማሽን የተሞላ፣ ጦጣ ሳይቀር ያለበት፣ ልጅ የሚጓጓለት ቤት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን በፈቃዳቸው፣ እንዲያውም በኩራት ነበር የሚልኩት። እ.ኤ.አ. በ2018 የ31 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ተጠቂዎቹ ወንዶች ልጆች ነበሩ። «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል» የምንል ሰዎች ይህችን እንያዛት።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ከ40 እስከ 175 ዓመት ተፈርዶበታል። ከ150 በላይ ሴቶች ችሎት ፊት ቀርበው ተናግረዋል። አንዳንዶቹን ያጠቃቸው እናታቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ እሱ በጀርባው እየከለለ ነው። ስለዚህ አጠገቡ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ማየት መቻል አለባችሁ።

ከማስመዝገባችሁ በፊት

የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ከተማው ውስጥ ኳስ የማይመታ ልጅ አልነበረም። ሰው ሁሉ ልጁን ፕሮጀክት (የታዳጊዎች ማሠልጠኛ) ለማስገባት ይሯሯጣል። ሩጫው ውስጥ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። እናንተ ግን ጠይቁ።

ኮቹ ከዚህ በፊት የት አሠለጠነ? ለምን ለቀቀ? እዚያ ደውላችሁ አንድ ወላጅ አግኙ፤ አለቃውን ሳይሆን ወላጅ። «ልጅህን መልሰህ ትሰጠው ነበር?» በሉት። መልሱን ሳይሆን ዝምታውን አዳምጡ። የመታወቂያ ኮፒና የስልክ ቁጥር ይቀመጥ። የአሠልጣኝነት ላይሰንስ ጥሩ ነው፤ ስለ ልምምድ ዕውቀቱ ይናገራል እንጂ ስለ ጠባዩ አይናገርም።

ሌላው ጥያቄ፦ ልምምድ ላይ ከኮቹ ሌላ አዋቂ ማን አለ? «ብቻዬን ነኝ» ካለ ጥፋት የለበትም፤ አብዛኛው የሰፈር ኮች ያለ ደመወዝ ብቻውን ነው የሚለፋው። ያን ጊዜ ሁለተኛውን አዋቂ ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው። እኛ ወላጆች በተራ መቀመጥ ጀመርን። ቡና ጠጥተን፣ አውርተን እንመለሳለን። ዓይን ግን አለ።

አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ

ይሄ ነው ዋናው። ይሉኝታን የሚያሸንፈው ወረቀት ነው። ሰው ለሰው «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል፤ «ወረቀቱ አይፈቅድም» ማለት ግን ይቀላል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ፤ ልጆቹ ሁለቱንም ይሰማሉ፣ አያቶች ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው።

የእኛ ወረቀት ላይ ያለው ይህን ይመስላል። ልምምድ የሚካሄደው ክፍት ሜዳ ላይ ነው፣ ወላጅ በፈለገ ጊዜ መጥቶ ማየት ይችላል። ኮች ልጅን ለብቻው ቢያናግር ሜዳው ዳር፣ ሰው በሚያይበት ነው። ልጅ ኮች ቤት አያድርም። ኮች ለአንድ ልጅ ብቻ ስጦታ አይሰጥም፤ ታኬታ የሚገዛ ቸር ሰው ከመጣ በኮሚቴው በኩል ይግዛ። ልጅ አይመታም፣ አይሰደብም። ቅሬታ የሚሰሙ ሁለት ሰዎች አሉ፣ አንዷ ሴት ናት፣ ሁለቱም የኮቹ ዘመድ አይደሉም።

ኮቹ ወረቀቱን ሲያይ ይቀየማል ብለን ፈርተን ነበር። ደጋግሞ አነበበውና እስክሪብቶ ጠየቀን። «ልጅ ቤቱ ሳይወሰድ ከቀረ ኮች ለወላጅ ይደውላል» የምትለውን መስመር የጻፈው እሱ ነው። ያቺ ሌሊት እሱንም ሳታስጨንቀው አልቀረችም። ወረቀቱ ጥሩ ኮችን ከሐሜት ይጠብቀዋል፣ ይህን ለሱም ንገሩት። ወረቀቱን ሲያይ ቱግ የሚል፣ «አታምኑኝም ማለት ነው?» ብሎ የሚያኮርፍ ካጋጠማችሁ ግን ልጁን አንድ ሳምንት ቤት አስቀምጡና አስቡበት።

ሰዓቱና መመለሻው

አደጋው ልምምዱ መሐል ሳይሆን ዳርና ዳሩ ላይ ነው። ልጅ ቀድሞ ሲደርስ፣ ልምምድ አልቆ ወላጅ ሲዘገይ፣ ዝናብ ሲጥልና ሁሉም ሲበታተን።

ከ12 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ ተስማሙ። ማን እንደሚወስደው ቀድሞ ይታወቅ፤ አጎት ከመጣ እናት ደውላ ትናገር። የሚበቃው ከሆነ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተቧድኖ በእግሩ ይመለስ። ባጃጅ ከሆነ ከአንድ በላይ ልጅ ሆነው፣ ወላጅ በሚያውቀው ሹፌር። ኮች አንድ ልጅ ብቻ ሞተር ላይ አፈናጦ አያድርስ። ዝናብ ከጣለ ሁሉም አብረው አንድ በረንዳ ላይ ይጠለላሉ እንጂ «አንተ ና፣ እኔ ጋ ተጠለል» የለም።

ልብስ መቀየርና ወጌሻ

ልጆች ማልያቸውን ቤታቸው ለብሰው ይምጡ። ጉዳዩ ግማሹ እዚያው አለቀ። መቀየሪያ ክፍል ካለ አዋቂ አብሮ አይቀይርም፣ ስልክ ይዞ ማንም አይገባም። የሴቶች ቡድን ከሆነ ያለ ሴት አስተባባሪ አይሠራ። ሞዴስ የማን ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ልጆቹ ይወቁ፤ አንዲት ልጅ ይህን ወንድ ኮች ለመጠየቅ መገደድ የለባትም።

ወጌሻ ጉልበት ሲያሽ፣ ቁርጭምጭሚት ሲያስር ሜዳው ዳር፣ ሰው ፊት ያድርገው። ከመንካቱ በፊት ለልጁ ይንገረው፤ «እዚህ ጋ ልይዝህ ነው፣ ካመመህ አቁም በለኝ።» ጭን ወይም ብሽሽት ከሆነ ወላጅ ይጠራ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። «ሕክምና ነው» የሚል ቃል ልጅንም ወላጅንም አፍ ያስይዛል፤ ናሳር የተጠቀመው በዚሁ ነው።

ስልክ

የቡድኑ መልእክት በጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ይሂድ፣ ወላጆች ያሉበት። ኮች ለልጅ በግል አይጽፍም። ልጁ ስልክ ከሌለው ለወላጅ ይደወላል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ተኛህ ወይ ጀግናዬ» የምትል መልእክት ምንም ላትመስል ትችላለች። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ግን ከእሷ ነው። መጀመሪያ ማድነቅ፣ ቀጥሎ ስጦታ፣ ከዚያ «ይህ በእኔና በአንተ መሐል ይቅር»። ምሥጢር የሚጠይቅ አዋቂ የመጀመሪያው ቀይ መብራት ነው።

ጉዞና «ሙከራ»

ከከተማ ውጭ ጨዋታ ሲኖር ሁለት አዋቂ ይሂድ፣ ልጃገረዶች ካሉ አንዷ ሴት ትሁን። የሚሄዱት ልጆች ስም፣ የመኪናው ታርጋ፣ የሚያድሩበት ቦታና የመመለሻ ሰዓት በግሩፑ ይጻፍ። ልጅና አዋቂ አንድ ክፍል አይተኙም። ትልልቆቹን ልጆች ከትንንሾቹ ጋር አትቀላቅሉ፤ «አዲስ ልጅ ማስለመድ» እየተባለ የሚሠራ ጉድ አለ። ጥቃት አድራሹ ሁልጊዜ አዋቂ አይደለም። ከሁለቱ አዋቂዎች አንዱ ፓወር ባንክ ይያዝ። ይቺን ከልምድ ነው የምላችሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ሙከራ። «አዲስ አበባ ክለብ አውቃለሁ፣ ልጅህን ሙከራ አስገባዋለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። ገንዘብ ይጠይቃል፣ ወይም ከገንዘቡ የባሰ፣ ልጁን ለብቻው ይዞ ሊሄድ ይጠይቃል። ወደ ክለቡ ራሳችሁ ደውሉ። ሙከራው እውነት ከሆነ ቀኑንና ሜዳውን ይነግሯችኋል። ከዚያ እናንተ ይዛችሁት ሂዱ። አውቶቡስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አድካሚ ነው፤ ልጅን ለማያውቁት ሰው ሰጥቶ ቤት መቀመጥ ግን ከዚያ ይብሳል። «ዕድሜውን ትንሽ እንቀንስለት» የሚልም ይኖራል። አንዴ ከዋሻችሁ ያ ሰው ልጃችሁን የሚያስፈራራበት ነገር አገኘ ማለት ነው።

ዱላና ስድብ

እዚህ ጋ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። «ኮቼ፣ ሥጋው ያንተ አጥንቱ የኔ» ብለን ነው የምናስረክበው። ከዚያ በአርጩሜ ሲገርፈው፣ «አህያ» ሲለው፣ በጠራራ ፀሐይ ያለ ውኃ ሲያስሮጠው «ለጥቅሙ ነው» እንላለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ ልጆችን በሚይዙ ተቋማት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ሕጉን ተዉት፤ ጨዋታውንም ቢሆን አይጠቅምም። የሚፈራ ልጅ ኳስ አይጠይቅም፣ ከእግሩ ሥር እንድትሄድለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ደግሞም አንድ ቀን ሌላ ነገር ሲደርስበት፣ ኮች የሚያደርገው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ የለመደ ልጅ አይናገርም።

ከልጁ ጋር ማውራት

አንድ ቀን አስቀምጦ መምከር አይሠራም። ልጄ ጆሮውን ዘግቶ ነው የሚያዳምጠኝ። ታኬታውን ስናጥብ፣ መንገድ ላይ ስንሄድ፣ በትንሹ በትንሹ ነው የሚገባው።

የሰውነቱን ክፍሎች ስም በቤት ቋንቋው ይወቅ። ስሙን የማያውቀውን ነገር «ነካኝ» ማለት አይችልም። ዋና ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ ሰው እንዲነካው አይፈቀድም፣ እሱም የሰው አይነካም። ኮችም ቢሆን፣ የመስጊዱ ኡስታዝም፣ የኔታም፣ አጎትም። «እምቢ» ቢል ከቡድን እንደማይወጣ፣ ቢወጣም እናንተ እንደማትቆጡት ንገሩት። የመጨረሻውን በተግባር ካላየ አያምናችሁም። ጎል ሳይገባለት ሲመጣ የምታኮርፉበት ከሆነ ሌላውን ነገር እንዴት ይንገራችሁ?

ከልምምድ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ብቻ አትበሉት። «ዛሬ ማን አናደደህ? ማን አሳቀህ?» በሉት። አንድ ሳምንት ምንም አይናገርም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወሬው ይመጣል።

ምን ታያላችሁ?

ኳስ ሞቱ የነበረ ልጅ በድንገት «ሜዳ አልሄድም» ሲል። አልጋ ላይ መሽናት ሲመለስ። ከየት እንዳመጣው የማይናገረው ገንዘብ ወይም ስልክ ሲይዝ። አንድ ሰው ስሙ ሲነሳ ዝም ሲል። ሲቀመጥ ሲያመው፣ ሲሸና ሲያቃጥለው። ከነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ልጅ በሌላም ምክንያት ይቀየራል። ግን ጠይቁ።

ልጁ ከነገራችሁ

ፊታችሁን ያዙ። የሚያየው ፊታችሁን ነው። «ለምን ሄድክ? ለምን አልጮህክም?» አትበሉ። ሦስት ነገር ብቻ ይበቃል፦ «አምንሃለሁ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ስለነገርከኝ ጎበዝ ነህ።» «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ ትናገራላችሁና። ደጋግማችሁ አትመርምሩት። የነገራችሁን በራሱ ቃል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉ። ኮቹ ጋ ሄዳችሁ አትጣሉ። ቱግ ማለታችሁ ይገባኛል፤ ግን ሰውየው ይጠፋል ወይም ልጁን ያስፈራራል።

የአካል ጥቃት ወይም መድፈር ከሆነ ሰዓት ይሮጣል። ሰውነቱ አይታጠብ። ልብሱ አይታጠብ፤ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል ያበላሸዋል። ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ጅማ ከሆናችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለላችሁ። ኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለሴት ልጅ እርግዝና መከላከያውም እስከ አምስት ቀን ነው። «ይንጋና እናስብበት» የሚባል ነገር የለም። ቀኑ ካለፈም ሂዱ፤ ሕክምናውም የሐኪም ማስረጃውም ያስፈልጋል።

ከዚያ ፖሊስ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የምትይዝ መርማሪ ጠይቁ፣ ልጁ ቃሉን አንዴ በደንብ ቢሰጥ ይሻላል። የወንጀል ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ባለች ሴት ልጅ ላይ የግብረ ሥጋ ድርጊት የፈጸመን ወንድ ከ13 እስከ 25 ዓመት፣ በወንድ ልጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከ13 እስከ 18 ባለውም ወንጀል ነው፤ «ፈቅዳ ነው» የሚል መከራከሪያ አያድነውም። ልጁ ተማሪው ወይም በአደራ የተሰጠው ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። የአሠልጣኝ አደራ ማለት ይሄው ነው።

አሁን ሽማግሌ ይመጣል። መምጣቱ አይቀርም። ካባቸውን ደርበው፣ «የሰፈር ልጅ ነው፣ ቤተሰብ አይበትን፣ ካሣ ይክፈል፣ የልጅቷም ስም አይጥፋ» ይላሉ። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ የአጥር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ ይፈታል። ይህ ግን የሽምግልና ጉዳይ አይደለም። ወላጅ ይቅር ስላለም ክሱ አይዘጋም። ቡና አፍሉላቸው፣ «ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ነው ያለው፣ ከኔ እጅ ወጥቷል» በሏቸው። እውነትም ነው፤ ይሉኝታውንም ያቀለዋል። ሰውየው ካሣ ከፍሎ ቢወጣ በሚቀጥለው ዓመት አጋሮ ወይም በደሌ ሌላ ቡድን ይይዛል።

ምርመራው እስኪያልቅ ሰውየው ከልጆች ይራቅ። ይህን ለቀበሌውና ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ኮፒውን ያዙ። ሌሎቹን ወላጆች ስትነግሩ የልጁን ስም አትጥሩ። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጠዋት መርካቶ የተወራ ማታ አጂፕ ይደርሳል።

ልጁ ግን መጫወት ከፈለገ ይጫወት። ብዙ ወላጅ በድንጋጤ ታኬታውን ደብቆ ልጁን ቤት ይዘጋበታል፤ ልጁም እንደተቀጣ ነው የሚቆጥረው። ማልያ ቁጥሩን ለሌላ አትስጡበት። ሲመለስ ሜዳው ዳር የምታዩት ቦታ ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያም ኳሱን እዩለት።